መሃል ከተማው ሊፈርስ ነው፣ የሃይላንድ መለያ ቦታችን ግን በፕላኑ የለም፦ ከሰኔው ጉባኤ በፊት ምን እንጠይቅ?

ባለ ሚዛኑ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የጎጃም ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የከተማዬን ስም አልጠራም። ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት አንዷ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። ሥራዬ ቁርጥራጭ ብረትና ፕላስቲክ መግዛት ነው። ልጅ ሆኜ ጆንያ ተሸክሜ «ቁራሌው!» እያልኩ በየሰፈሩ ዞሬያለሁ። አሁን ከገበያው ጀርባ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በኪራይ የያዝኩት ግቢ አለኝ። ሚዛን አለ፣ የቆርቆሮ ዳስ አለ፣ ጠርሙስ የሚለዩ እናቶችም አብረውኝ አሉ። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚችው ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሃል ከተማው መልሶ ይለማል ተባለ። ዋናው መንገድ ይሰፋል፣ የእግረኛ መንገድ ይነጠፋል፣ የገበያው ዙሪያ በፎቅ ሱቅ ይተካል። አዳራሽ ጠርተው ሥዕሉን በፕሮጀክተር አሳዩን። ያምራል። ዛፉም፣ መብራቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም አለ። ቆሻሻ መጣያ እንኳ በየቦታው ተሥሏል። እጄን አውጥቼ «ከመጣያው ከወጣ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። «በሚቀጥለው ምዕራፍ ይታያል» አሉኝ። የእኛ ግቢ ያለበት ቦታ ሥዕሉ ላይ መኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ልማቱን አልቃወምም። እዚያ መንገድ ላይ በሐምሌ ዝናብ ነፍሰ ጡር ስትንሸራተት አይቻለሁ። ይሰፋ፣ ይነጠፍ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ቆሻሻ የሚለይበት ቦታ እንደ መንገዱና እንደ መብራቱ በፕላኑም በበጀቱም ይግባ። ካልገባ ያ ሁሉ አዲስ ነገር በሁለት ክረምት ቦዩ በፌስታል ይደፈንና ውሃው ሱቅ ይገባል።

ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ልዘርዝር። ሰው ሁሉ ሃይላንድ ተሰብስቦ፣ ተጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ ይመስለዋል። ችግሩ መጫኑ ላይ ነው። የአንድ ሊትር ውሃ ባዶ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ለመሙላት 40 ገደማ ያስፈልጋል። አይሱዙውን ሞልታችሁ፣ በገመድ ጠፍራችሁ፣ ላዩ ላይ ሰው አስረግጣችሁ እንኳ አንድ ቶን አይሞላም። ሹፌሩ ግን የሚቀበለው የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ነው። ከደብረ ማርቆስ እንኳ ብትነሱ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈጃል፣ ዳገቱ ናፍጣ። በመኸር ጊዜ መኪናው ጤፍና ስንዴ ስለሚጭን ለእኛ ፊት አይሰጥም። መንገድ የተዘጋ ጊዜማ ግቢው እስከ ዳሱ ጣሪያ ይሞላል።

ይህን የሚፈታው መጭመቂያ ማሽን ነው። ጠርሙሱ ተጨምቆ በሽቦ ሲታሰር ያው አይሱዙ ብዙ እጥፍ ይጭናል። ማሽኑ ግን ስሪ ፌዝ የሚባለውን የከባድ ማሽን መብራት፣ የሲሚንቶ ወለልና ነገ የማይፈርስ ቦታ ይፈልጋል። በኪራይ ግቢ፣ ያውም ሥዕሉ ላይ መኪና ማቆሚያ በሆነ ግቢ ማን ማሽን ይተክላል? ብድር ስጠይቅም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የቦታ ማረጋገጫ ነው።

መለየቱም ቀላል ሥራ አይደለም። እናቶቹ ጠርሙሱን ያነሳሉ፣ ክዳኑን ይጠመዝዛሉ፣ አንገቱ ላይ የቀረችውን ቀለበት በቢላ ይቆርጣሉ፣ በላዩ ያለውን ማስታወቂያ ይገፍፋሉ። ክዳኑና ጠርሙሱ የተለያየ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን ፈጭታችሁ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩ የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ተቀላቅሎ ከሄደ ፋብሪካው ዋጋ ይቀንሳል ወይ ጭራሽ ይመልሰዋል። ጀሪካን ለብቻ ነው። ዘይት የነካው ለብቻ። የፀረ አረምና የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ፈጽሞ አንቀበልም፤ እሱን አጥቦ ለጠላ ወይም ለዘይት የሚጠቀም ሰው ስለማውቅ ያመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ እንዳይጠቀምበት እለምናለሁ። አብዛኛው ሰው ግን ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ የትም ይጥለዋል። የሚቀበል ቦታ ቢኖር ኖሮ እዚያ ብዬ እልከው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የከተማው ምክር ቤት የሐምሌን በጀት በሰኔ ያጸድቃል። ከዚያ በፊት ከየዕድሩና ከየማኅበሩ ተወካይ ተጠርቶ ይወያያል፤ እኔን ዕድራችን ወክሎኛል። ምን ብዬ ልጠይቅ? ማንን? «የመለያ ቦታ ስጡን» ማለት ብቻ ይበቃል ወይስ በቁጥር፣ በካሬ ሜትር ላቅርብ? ከናንተ ከተማ እንዲህ ያለ ቦታ ያገኘ አለ? ደግሞስ የያዝኩት ግቢ ሲፈርስ ተከራይ ነኝና ምንም የለኝም ማለት ነው?

ስብሰባው ቅርብ ነው። የምታውቁትን አትንፈጉኝ።


ጣና ዳር

ሰላም ወንድሜ። ባሕር ዳር ውስጥ በጽዳት ማኅበር ውስጥ ሠርቻለሁ። ያልካት የዓባይ በረሃ ዳገት እኛንም ታውቀናለች። እኔ የምመክርህ ስለ ቦታው ከመጠየቅህ በፊት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚከፈለው እንዴት እንደሆነ እንድታጣራ ነው።

አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ ማኅበራት የሚከፈላቸው ወደ ገንዳው በሚያስገቡት ሜትር ኪዩብ ልክ ነው። ይህ ማለት ሰብሳቢዋ እንግዲህ ሃይላንዱንና ካርቶኑን ለይታ ካወጣች ሜትር ኪዩቡ ይቀንስባታል። በገዛ እጇ ደሞዟን ትቆርጣለች። ምንም ያህል ሥልጠና ብትሰጣት አትለይም፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ፊት ስትቆም «ለተለየውም ይከፈል» በል። ወደ መለያው ቦታ በኪሎ ተመዝኖ የገባው ወደ መድፊያው እንደገባው ተቆጥሮ ይከፈላቸው። ያኔ ጋሪዋን ራሷ ወደ አንተ ግቢ ታዞራለች።

ሌላው፣ የከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። የአትክልት ቅጠል፣ የሸንኮራ ገለፈት፣ የጫት ገራባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ። በዚያ ላይ የእኛ አገር አመድ። አመዱና እርጥቡ ካርቶኑን ሲነካው ካርቶኑ አለቀለት፣ ገዢ የለውም። ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ብቻ በየቤቱ ይኑር፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ። አሥር ዓይነት ለዩ ብትለው ሰው ሁሉንም ይተዋል። የቀረውን የአንተ እናቶች ይለዩታል።

እርጥቡን ደግሞ አትናቀው። ምሥራቅ ጎጃምና አዊ ላይ መሬቱ አሲዳማ ነው፣ ገበሬው ለኖራም ለማዳበሪያም ይጨነቃል። ጥሩ ኮምፖስት ያፈራ ከተማ ገዢው በሩ ላይ ነው፤ በረሃ መሻገር የለበትም። ግን ብርጭቆና ባትሪ የገባበትን ኮምፖስት ገበሬ አንድ ጊዜ እጁን ከቆረጠው ዳግም አይነካውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልቤ ውስጥ ስላለ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ቆሻሻው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቆሻሻ ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ጣሪያና ወለል ያለው ቦታ ይገባቸዋል የምለው ለዚህ ነው። ምክር ቤት ውስጥ ይህን አንሳው።


የዳሞት ልጅ

አያ ባለ ሚዛኑ፣ ፌስታልን ረሳኸው ወይስ ተስፋ ቆርጠህ ነው? እኛ ጋ ላም ሲታረድ ከሆዷ የሚወጣውን አይተን ሥጋው አስጠልቶናል። በአዲሱ ሕግ ይቀጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


ባለ ሚዛኑ

አልረሳሁትም የዳሞት ልጅ። ፌስታል ገዢ የለውም። ቀላል ነው፣ ቆሽሾ ይመጣል፣ ለማጠብ የሚወጣው ውሃና ጉልበት ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ እኔ ልሰበስበው አልችልም። መፍትሔው ከመነሻው እንዳይገባ ማድረግ ነው። እናቴ ገበያ የምትሄደው በዘንቢል ነበር። ለእህልም ጆንያ አለ። ሕጉን የሚያውቁ ይመልሱልህ።

እህቴ ጣና ዳር፣ የሜትር ኪዩቡን ነገር በጣም አመሰግናለሁ። እኛም ጋ እንደዚያው ነው የሚከፈለው። ጋሪ የሚገፉት ልጆች ጠርሙስ ሊያመጡልኝ ሲፈልጉ ማታ ማታ ተደብቀው የሚመጡት ለዚህ ነበር ማለት ነው።


የቀድሞ ፕላን ክፍል

ወንድሜ፣ እኔ አንድ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ክፍል ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቼ ነው የወጣሁት። ቀስ ብለህ አንብበኝ፣ ረዘም ይላል።

በሰኔው ጉባኤ በጀት ይጸድቃል እንጂ አይዘጋጅም። የሚዘጋጀው ወራት ቀደም ብሎ ነው። ተወካዮች ለውይይት ሲጠሩ አብዛኛው ነገር ሰፍሮ ያለቀ ነው። በተለይ ካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታና ለማሽን የሚያዘው፣ በዕቅድ ላይ ለሌለ ፕሮጀክት አይያዝም። የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን የሚባል የሦስት ዓመት ዕቅድ አለ፤ በየዓመቱ ይከለሳል። 117 ከተሞችን ባቀፈው፣ በ2010 ዓ.ም. በተጀመረው የዓለም ባንክ የከተሞች ፕሮግራም ውስጥ የነበሩ ከተሞች ይህን አሠራር በደንብ ያውቁታል። ከተማህ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደነበረች ጠይቅ። ከነበረች ዕቅዱ መኖር አለበት፤ «አሳዩኝ» ማለት መብትህ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ «ገንዘብ ስጡን» ብለህ ብትገባ «ለከርሞ እናያለን» ብለው ይሸኙሃል። ዘንድሮ የምትጠይቀው ቦታው በፕላኑ ላይ በስሙ እንዲሰፍር ነው። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ስለዚህ «በጀት የለም» ሊሉህ አይችሉም። ቀጥሎ ፕሮጀክቱ በሦስት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ተራ ቁጥር እንዲያገኝ ጠይቅ። ተራ ቁጥር ካገኘ በዓመቱ መሃል የበጀት ዝውውር ወይም ተጨማሪ በጀት ሲመጣ የሚጠራ ስም አለው። ዕቅዱ ላይ የሌለ ነገር ግን ገንዘብ ቢተርፍ እንኳ ማንም አያስታውሰውም።

በፕሮጀክተር ያሳዩህ ሥዕል ምን እንደሆነ በግልጽ ጠይቅ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ይኖረዋል፣ ዘመኑም 10 ዓመት ነው። ከሥሩ ደግሞ ለተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ ለመሃል ከተማ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ይሠራል። የሚያስገድዱት እነዚህ ናቸው። ባለ ቀለሙ ሥዕል ለማሳያ የተሠራ ነው፤ ዛፍ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ገና ካልጸደቀ ደስ ይበልህ፣ ጊዜ አለህ ማለት ነው። ከጸደቀ ግን ማሻሻያ ነው የምትጠይቀው፣ መንገዱም ይረዝማል።

በእኛ አገር የከተማ ፕላን መመሪያ 30፣ 30፣ 40 የሚባል ክፍፍል አለ። 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። መንገዱ ሲሰፋ የመጀመሪያው 30 ተነካ ማለት ነው። ሁለተኛው 30 የት እንደወደቀ በካርታ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። የኮምፖስት ቦታና ችግኝ ጣቢያ እዚያ ውስጥ አብረው ቢቀመጡ ይግባባሉ፤ ችግኝ ጣቢያው ራሱ የኮምፖስቱ ደንበኛ ይሆናል።

ደግሞ መደበኛውን በጀት አትርሳ። ስንት ዳስ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ የጥበቃና የመብራት በጀት ስለሌለው ፍየል አድሮበታል። ማን ይጠብቀዋል? መብራቱን ማን ይከፍላል? ሽንት ቤትና ውሃ ለሴቶቹ አለ? ይህን በሦስት መስመር ጽፈህ ብትገባ ከሁሉም ተወካይ ትለያለህ። አዲስ አበባ የጽዳት ክፍያን ከውሃ ሂሳብ ጋር ይሰበስባል፤ እናንተ ጋ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን የጽዳት ገቢው ለጽዳት እንደሚውል ወይም እንዳልዋለ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ ዝርዝር ላይ ይታያል። ዝርዝሩን ጠይቅ።


ባለ ሱቁ ከገበያው

እኔ ግን ሌላ አስተያየት አለኝ። አትቀየሙኝ። የሌላ ከተማ ነጋዴ ነኝ፣ እዚሁ ጎጃም። እኛም ጋ እንዲሁ ገበያው ጥግ ላይ ካርቶንና ጠርሙስ የሚከመርበት ግቢ ነበር። አይጡ ሱቄ ይገባል። የበርበሬና የስኳር ጆንያ ይቀድዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሳት ነው። ገበያ አንድ ጊዜ ከተያዘ የዕድሜ ልክ ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል፣ የእሳት አደጋ መኪና በየከተማው የለም። ካርቶንና ፕላስቲክ የተከመረበትን ግቢ ከሱቄ ጎን አልፈልግም፣ ይህን በግልጽ እናገራለሁ።

መሃል ከተማው ይመር። ጂ ፕላስ ሁለት ይቁም። ሊዙንም ግብሩንም የምንከፍለው እኛ ነን፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚኖረው በዚያ ነው። የቆሻሻው ሥራ ከከተማ ውጭ ይሁን። ወንድሜ ባለ ሚዛኑ፣ ጥሩ ሰው እንደሆንክ ከጽሑፍህ ያስታውቃል፣ ግን የያዝከው ቦታ የከተማው ውዱ ቦታ ነው። ይህን ምክር ቤቱ እንዲረሳው አትጠብቅ።


ባለ ሚዛኑ

ወንድሜ ባለ ሱቁ፣ ምን ያስቀይመኛል። የእሳቱን ነገር ልክ ብለሃል። እኔም ግቢው ውስጥ ሲጋራ ያበራ ሰው ካየሁ ደሜ ይፈላል። በጋ ላይ ካርቶኑ ሲደርቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ አይጡ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አይጥ የሚመጣው ለምግብ ነው። ደረቁና እርጥቡ ተቀላቅሎ ሲመጣ ሃይላንዱ ውስጥ ወጥ አለ፣ ካርቶኑ ላይ ቅቅል አለ። ጣና ዳር እንዳለችው ከቤት ተለይቶ ቢመጣ አይጡ ምን ሊሠራ ይመጣል? በእኛ ግቢ እንኳ ንጹሕ ጠርሙስ ያለበት ክምርና ከሆቴል የመጣው ክምር አንድ አይደሉም። አይጡ የሚሮጠው የሆቴሉ ክምር ላይ ነው።

ከከተማ ውጭ ይሁን ላልከው ደግሞ ጋሪ የሚገፉትን አስባቸው። ሸክም ያዘለች ሴት አንድ ሊትር ዘይት እንኳ የማይገዛላት ጠርሙስ ለመሸጥ ከተማ ጫፍ ድረስ አትሄድም። ቦዩ ውስጥ ትተወዋለች ወይም ታቃጥለዋለች። ጭሱን ደግሞ አንተም እኔም እንተነፍሳለን።

ሁላችሁን ካነበብኩ በኋላ አሳቤ እንዲህ ወደሚል ዞሯል። ሁለት ቦታ ይሁን። አንዱ ትንሽ፣ መሃል ከተማ ውስጥ፣ ሚዛንና ዳስ ብቻ ያለበት መቀበያ። በቀን የገባው በዚያው ቀን ማታ ይወጣል፣ ምንም አያድርበትም። ስለዚህ የሚቃጠል ክምር አይኖርም። ሁለተኛው ሰፊ፣ ከከተማው ጫፍ፣ አይሱዙ በሚዞርበት፣ መጭመቂያውና ኮምፖስቱ ያለበት። እሱ ከመኖሪያና ከገበያ ይርቃል፣ የግንብ አጥርና የውሃ ታንከር ይኖረዋል። ባለ ሱቁ፣ በዚህ ትስማማለህ?


ባለ ሱቁ ከገበያው

የማያድር ከሆነ እስማማለሁ። «አያድርም» የሚለው ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ያደረ ቀን የሚጠየቅም ይኑር። እንዲያውም እኛ ነጋዴዎች የካርቶኑ ዋና አምራች ነን። ሱቅ ስንዘጋ በር ላይ የምንቆልለውን ሰብስበህ ብትወስድልን ደስታውን አንችለውም።


ሕግ አንባቢ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕግ ትምህርቴን በቅርቡ ነው የጨረስኩት፤ የማውቀውን ያህል ላካፍል። ጋሼ ባለ ሚዛኑ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ ልበልዎት።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ገና ያኔ ቤተሰብ ሁሉ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚደፋው እንዲለይና ወደተዘጋጀለት ቦታ እንዲያደርስ ይል ነበር። ስስ ፌስታልንም፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን፣ ከልክሏል። ሳይፈጸም ቆየ እንጂ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ፣ ቁጥር 1383፣ አጽድቋል። የዳሞት ልጅ የሰማኸው እሱን ነው። ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ በሚያመርትና በሚሸጥ ላይ ቅጣቱ ከዚያ እጅግ ይከብዳል።

ለምክር ቤቱ የሚያነሡት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ነዋሪውን «ለይ» ካለው፣ የለየውን የሚወስድበት ቦታ መኖር አለበት። ቦታ ሳይኖር ለይ ማለት አይቻልም። ስለዚህ እርስዎ የሚጠይቁት ከተማዋ ሕጉን እንድትፈጽም የሚያስችላትን ነገር ነው። ደብዳቤው ላይ አዲሱን አዋጅ በቁጥር ይጥቀሱ።

ስለ ግቢው የጠየቁት ከበድ ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ የሚሠራው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነው፤ በ2016 ተሻሽሏልና ማሻሻያውንም አብረው ያስነብቡ። አዋጁ በዋናነት የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው። ባለይዞታው በመልሶ ማልማቱ ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ የሚያገኝበት አንቀጽ አለ። ካሳ ሲተመንና ቅር ሲሰኝ አቤቱታ ሰሚ አካል አለ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። እርስዎ ከግለሰብ የተከራዩ ከሆነ ካሳው የአከራዩ ነው የሚሆነው። ዳሱንና ወለሉን በራስዎ ገንዘብ ሠርተው ከሆነ ግን ከአከራይዎ ጋር ዛሬውኑ በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ የማን ንብረት እንደሆነ ተጽፎ ይፈረም። ግምት ያዥ ከመጣ በኋላ ይህን መነጋገር ጠብ ነው።

ከእናቶቹ ጋር በማኅበር ተደራጅታችሁ ከሆነ ደግሞ የማኅበሩን ስም ይዘው ይሂዱ። ግለሰብ ቦታ ሲጠይቅ ሊዝ ተጫረት ይባላል። የተደራጀ ማኅበር ግን የመሥሪያ ቦታ ወይም ሼድ የሚጠይቅበት አሠራር አለ። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ደብዳቤውን በእጅ ለሰው አይስጡ። መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ ቅጂው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። አንዱ ለከንቲባው፣ ግልባጭ ለአፈ ጉባኤው፣ ግልባጭ ለቀበሌያችሁ የምክር ቤት አባል።


ጣና ዳር

ከማርቆስ የመጣው ልጅ ጥሩ ብሏል። እኔ አንድ የምጨምረው፣ ወንድሜ፣ የሚዛን መዝገብህን ይዘህ ግባ። በወር ስንት ኪሎ ሃይላንድ፣ ስንት ኪሎ ካርቶን፣ ስንት ኪሎ ብረት እንደገባ። ያ ሁሉ ወደ መድፊያው ሳይሄድ ቀርቷል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ለመኪናው ናፍጣ አላወጣበትም። በጀት ላይ የተቀመጡት ሰዎች ይህን ሒሳብ ወዲያው ይረዱታል። ከእናቶቹም አንዷን ይዘህ ሂድ። እሷ ስትናገር አዳራሹ ዝም ብሎ ያደምጣል።


ባለ ሚዛኑ

እግዜር ይስጥልኝ። የሁላችሁንም ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ።

መዝገቡ አለኝ። ሚዛን የያዘ ሰው ሳይጽፍ አያድርም። ከማኅበራችን ጸሐፊ ጋር ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን በየወሩ እንደምረዋለን። የመቀበያውን ቦታ 60 ካሬ፣ የጫፉን 1,000 ካሬ ብለን እናቀርባለን። ለመቀበያው ዳስ፣ ሚዛንና ውሃ። ለጫፉ ወለል፣ ስሪ ፌዝ፣ አጥር፣ የሴቶች ሽንት ቤትና ታንከር። መጭመቂያውን እኛው በብድር እንገዛለን፣ ቦታው በስማችን ሲጻፍ። ለሰብሳቢዎቹ የተለየውም በኪሎ ይከፈል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሆናል፤ እሱ የሊዝም የካርታም ጉዳይ ስለሌለበት ከሐምሌ 1 ጀምሮ መፈጸም ይችላል።

የቀድሞ ፕላን ክፍል፣ ነገ ጠዋት ሄጄ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ጸድቋል ወይስ አልጸደቀም የሚለውን እጠይቃለሁ። ሕግ አንባቢው ልጄ፣ ከአከራዬ ጋር ያለውን ነገር እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጨርሳለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ይፈርማል። ባለ ሱቁ፣ «አያድርም» የሚለውን በራሱ አንቀጽ አስገብቼዋለሁ። የእኛን ገበያ ነጋዴዎች ፊርማ ሳሰባስብ ያንተን ጽሑፍ አስነብባቸዋለሁ፣ ከኔ ይልቅ ነጋዴ ሲናገር ይሰሙታል።

ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር ቀርቷል። የፀረ ተባይ ዕቃውን ምን ላድርገው? በየሳምንቱ ከገጠር እየመጣ ነው። ከግብርና በኩል የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እስከዚያው ያመጡትን ሁሉ እየበሳሁ እመልሳለሁ፣ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት።